ገንዘብ ከፍለን ስንበላ፤ ትዕግሥት ወይስ ዝምታ?

በዚህ እትም ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሚናቅ ነው። ስለ ዕድልና ስለ ነጻ ፈቃድ፣ ስለ ሕሊናና ስለ ሕግ ሊጽፉ የተዘጋጁ ጓደኞቻችን «ደግሞ ስለ ምግብ ቤት?» ብለው ሳቁብን። እኛ ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልቅ ቀን ብቻ ነው ብለን አናምንም። ርቦት፣ በርዶት፣ ያዘዘው ወጥ ዘግይቶበት፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር በልቡ እየቆጠረ በተቀመጠበት ሰዓትም ይታወቃል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። አባት እናታችንን ወይም ታናናሾቻችንን ይዘን ምግብ ቤት ገብተን መቀመጫው ሳይመች፣ አስተናጋጁ ፊቱን ሲያዞርብን፣ ምግቡ ቀዝቅዞ ወይም ተሳስቶ ሲመጣ ምን ማድረግ ይገባናል? መታገሥ ነው? መቆጣት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ከፍሎ ወጥቶ ሁለተኛ አለመመለስ?

የጢቾን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባዳ ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስ በሐምሌ ወር አጥንት ይሰብራል። ከገጠር በእግሩ ወይም በፈረስ መጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ እጁን እያፋተገ ወደ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን ሙቀት ነው። የሚያገኘው ግን በሩ በደንብ የማይገጥም ክፍል፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር፣ ከጓዳ የሚመጣ ዓይን የሚያቃጥል ጢስ ነው። የእጅ መታጠቢያው በርሜል ባዶ ነው። «ውኃ የለም?» ሲባል «አሁን ይመጣል» ይባላል፤ አይመጣም። በግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በላይ ይጮኻሉ። በረቡዕ ቀን ሽሮ ሲጠየቅ «አልቋል፣ ጥብስ ነው ያለው» ይባላል። ሒሳቡ በቃል ይነገራል፤ ሃያ ብር ሲተርፍ «ዝርዝር የለም» ይመጣል። ይህን ስንጽፍ ጢቾን ለማማት አይደለም። በአሰላም፣ በአዳማም፣ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባሉትም ቤቶች ያየነው ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ይኸው ነገር በመስተዋት በር ውስጥ በእጥፍ ዋጋ ይገኛል።

ጢቾ በቀድሞው አስተዳደር ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ከአርሲ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ለክስ፣ ለግብር፣ ለመሬት ጉዳይ ሰው ከየገጠሩ ይመጣበት ነበር። ባለጉዳይ ያለበት ከተማ ደግሞ ምግብ ቤት አያጣም። ይሁን እንጂ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በማያውቀው ሰው ቤት መብላቱ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን ካላስታወስን የዛሬውን ችግራችንን የምናስተውለው አይመስለንም።

በድሮ ዘመን የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ቤት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ የመሸብኝ» ይላል። ባለቤቱም ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው እንጀራ ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። በአርሲ ኦሮሞ ቤትም እንግዳ ወተቱን ወይም እርጎውን ሳይቀምስ፣ ሲሆንለትም ጭኮ ሳይበላ አይሸኝም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንግዳው «ወጡ ቀጠነ» ማለት አይችልም። የሰጡትን በልቶ መርቆ ይሄዳል፤ ያልከፈለበትን ነገር መንቀፍ ነውር ነውና። ባለቤቱም በበኩሉ ያለውን ይደብቅ ዘንድ አይገባውም። አብርሃም ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሳለ የማያውቃቸውን መንገደኞች ሲያይ ሮጦ እንደ ተቀበላቸው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 የተጻፈውን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። በዚያ ታሪክ እንግዶቹ ዋጋ አልጠየቁም፣ እሱም አልነገራቸውም።

ኋላ ግን ከተማ መጣ። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ እቴጌ ሆቴል የሚባለውን ሲያቋቁሙ ትልቁ ችግር ቤቱ ወይም ወጥ ሠሪው አልነበረም። ችግሩ ሰው ነበር። እንጀራ መሸጥ ነውር፣ እንጀራ በገንዘብ መግዛትም ነውር ይመስል ስለ ነበረ የሚመጣ ጠፋ ይባላል። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳቡን እንደ ማንኛውም ሰው ከፍለው ለሌላው ምሳሌ እንደ ሆኑ ሲተረክ እንሰማለን። የተረኩ ዝርዝር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቢለዋወጥም ቁም ነገሩ ይገባናል። ንጉሥ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ በዚያ ዘመን እንደ አዋጅ የሚቆጠር ነበር።

እንግዲህ እኛ የምንለው፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ልባችን ገና ከሁለቱ ሥርዓት አንዱን አልመረጠም ነው። ምግብ ቤት ስንገባ ግማሽ እንግዳ፣ ግማሽ ገዢ ሆነን እንገባለን። አፋችን የእንግዳውን ይሉኝታ ይዟል፤ ስለዚህ የቀዘቀዘውን ወጥ «ይህ አይሆንም፣ አሙቁልን» ብለን በለሰለሰ ቃል መመለስ እናፍራለን። ሆዳችን ግን የገዢውን ቁጣ ይዟል፤ ስለዚህ ከወጣን በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ እናወራለን፣ ወይም ሞልቶ ሲፈስ በአንዲት ምስኪን አስተናጋጅ ላይ እንወርድባታለን። ባለ ቤቱም እንደዚሁ ነው። ገንዘብ ሲቀበል ነጋዴ ነው፤ ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ እኮ አስተናገድኳችሁ» እንደሚል ባለ ድግስ ይሆናል። ሁለቱም ወገን በየጊዜው የሚመቸውን ልብስ ይለብሳል።

አሁን ያየነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። የቤቱንና የከተማውን ስም አንጠራም፤ ስም መጥራቱ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግምና። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ያንዷን አያት ከገጠር ለሕክምና ይዘን ስንመለስ መንገድ ላይ ካለ የአንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገባን። አባት ገንዘብ ይቀበላል፣ እናት ጓዳ ነች፣ የምታስተናግደው ደግሞ ከገጠር መጥታ የተቀጠረች፣ ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ ናት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ቦታ ስላልነበረ በሩ አጠገብ ተቀመጥን፣ ንፋሱም በጀርባችን ገባ። ከፊታችን ጋቢ የለበሱ፣ ቦቲ ጫማቸው ጭቃ የሆነ ሦስት ገበሬዎች ከእኛ ቀድመው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሰው መኪና አቁሞ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ገባ። ባለ ቤቱ ራሱ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ከጓዳው አጠገብ ሙቀት ያለበት ጠረጴዛ ነበር፤ ለእኛ «ተይዟል» የተባለው ነው። እነሱ ተቀመጡበት። ትእዛዛቸውም ከሁላችን ቀድሞ መጣ። ነገር ግን ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ሰውየው ቀምሶ ሳህኑን በእጁ ገፋና ልጅቷን ሰው ሁሉ እየሰማ ይሰድባት ጀመር። የሰደባትን ቃል በዚህ ገጽ ላይ አንጽፈውም። ትንሹ ልጁ አባቱን ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ልጅቷን አየ፤ ቀጥሎ ደግሞ ራሱ «ደደብ» አላት። ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ቢሆን ነው።

ባለ ቤቱ ሮጦ መጥቶ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላ ምግብ እንዲሠራለትም አዘዘ። ወደ ልጅቷ ዞሮም «ይህ ከደመወዝሽ ላይ ነው» አላት። እሷ ምንም አላለችም። የተገፋውን ሳህን አንሥታ ሄደች።

እኛ ስንተያይ አያታችን «አንተ ልጅ፣ እስቲ ወዲህ ና» ብለው ባለ ቤቱን ጠሩት። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ልጅ አሉት፣ እሱም «አቤት እማማ» ብሎ መጣ።

«እነዚህ ሰዎች ከኛ በፊት ነው የመጡት። አስቀድመህ ለእነሱ ስጥ፤ ቀጥሎ ለኛ።»

«እሺ እማማ።»

«ወጡን ያቀዘቀዘችው ይህች ልጅ ናት?»

«እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ከሰሉም እርጥብ ነው። ምን ላድርግ?»

«እንግዲያውስ ጥፋቱ የከሰሉ ከሆነ ገንዘቡ ስለ ምን ከእሷ ይወጣል?»

ሰውየው ዝም አለ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይነግራቸው ጀመር። አያታችንም ሳያቋርጡ ሰሙት። መጨረሻ ላይ «ይገባኛል» አሉት እንጂ «ልክ ነህ» አላሉትም። በእኛ ግምት በዚያ ቀን በዚያ ቤት ከተነገረው ቃል ሁሉ ይህ ልዩነት ይበልጣል። ሽሮው ከመጣ በኋላም ማንኪያውን አሽትተው፣ ቅቤ የነካው መሆኑን አውቀው፣ ልጅቷን ቀስ ብለው «የኔ እናት፣ ይህን ማንኪያ ለውጪልኝ» አሏት። ድምፃቸው ከጠረጴዛው አልወጣም።

በመንገድ ላይ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራከርን። ክርክሩን እንደ ነበረ ለአንባብያን እናቅርበው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ትዕግሥት ይበልጣል አሉ። ወንበር ቢያጥር፣ ወጥ ቢቀዘቅዝ፣ አንድ ሰዓት ብንጠብቅ ምን እንሆናለን? ጾም የለመደ ሆድ ለአንድ ሰዓት አይሞትም። በዓለም ላይ ፈጽሞ የማይበላ ሕዝብ ሞልቶ እኛ ስለ ሽሮ ሙቀት ብንጨቃጨቅ ያሳፍራል፤ ይህን አሉ። አነጋገራቸው መልካም ነው፤ እኛም ግማሹን እንቀበለዋለን። ስለ ራሳችን ምቾት ማጣት ብንታገሥ ምንም አይጎድልብንም። መብራት መጥፋቱ የባለ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ብርዱንም እሱ አላመጣውም። ጢሱም ቢሆን ጓዳ ውስጥ ያለችውን ሴት ከእኛ ይልቅ እሷን ያቃጥላታል፤ እኛ ግማሽ ሰዓት ብንቀመጥበት እሷ ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስለ ራሳችን የምንታገሠውና ስለ ሌላው ሰው የምንታገሠው አንድ አይደለም። ከእኛ ቀድመው የመጡት ገበሬዎች ጭቃ ስለ ነካቸው ወደ ኋላ ሲቀሩ እኛ «ትዕግሥተኞች ነን» ብለን ዝም ብንል የታገሥነው በማን ጀርባ ላይ ነው? የልጅቷ ደመወዝ ሲቆረጥ እኛ «ሰላም ይሻላል» ብንል የሰላሙን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ሁለት ሰዎች የተነገረ አለ፤ አንዱ የከበረ ልብስ የለበሰ፣ ሌላው ያደፈ። አንዱ መልካም ወንበር ሲሰጠው ሌላው እንዲቆም ይነገረዋል። ያ የተጻፈው ስለ ጸሎት ጉባኤ ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉን ስናነብ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ በፊታችን ይመጣብናል። ምቾት ማጣት ሌላ፣ ግፍ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ብንሸከመው ያስመሰግነናል። ሁለተኛውን ግን የምንሸከመው እኛ ሳንሆን ሌላው ስለ ሆነ በእሱ ሸክም ልንመሰገን አንችልም።

ሌሎቹ ደግሞ «ገንዘባችንን ከፍለናል፣ ስለዚህ የመናገር መብት አለን» አሉ። ይህም እውነት አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራትም የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ስለዚህ «ዋጋው ለምን አልተለጠፈም? መልሱስ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነገረኛነት አይደለም፣ ሕግ ያወቀው ነገር ነው። ነገር ግን የዚህ ወገን ጓደኞቻችን ሕጉን ወደ አንድ ጎን ብቻ ያነቡታል። የሚያገለግሉንም ሕግ አላቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ አዝዟል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ካልሆነ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። እስቲ ከየምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ስንቷ ስለዚህ ሰምታለች? ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እሳት የምታያይዝ፣ ማታ የመጨረሻው ሰካራም እስኪወጣ የምትቆም ልጅ ስንት ሰዓት እንደ ሠራች የሚቆጥርላት ማን ነው? እኛ ለአንድ ሰዓት መጠበቃችንን በሰዓታችን እያየን ስንቆጥር የእሷን አልቆጠርንላትም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አጠራር አንድ ነገር ጣል ብናደርግ አንባቢ ይታገሠን። አስተናጋጅን በጭብጨባ ወይም «እስ!» በማለት የሚጠራ ሰው አሁንም ሞልቷል። ዶሮ የሚባረርበትን ድምፅ ለሰው መጠሪያ ማድረግ ከየት እንደ መጣ አናውቅም። ስሟን የማናውቃትን ሴት «አንቺ!» ከማለት «እኅቴ» ወይም «የኔ እናት» ማለት ስንት ሳንቲም ያስከፍላል? በዕድሜ የገፋች አስተናጋጅም ብትሆን «እርስዎ» የሚላት የለም፤ ትሪ ስለ ያዘች ብቻ ዕድሜዋ ይቀነሳል። ቋንቋችን የአክብሮት ቃል ሳይጎድለው እኛ በጠረጴዛ ዙሪያ ስንሆን እናጎድለዋለን።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። ጉርሻ ማለት በአንድ ገበታ የተቀመጡ ሰዎች በፍቅር የሚጎራረሱት ነው፤ «በደንብ ስላገለገልከኝ» ተብሎ አይሰጥም። ዛሬ ለአስተናጋጅ የሚተወውም ሳንቲም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስሙ ግን ከትርጉሙ ርቋል። አንዳንዱ ሰው ጉርሻ የሚተወው ለቅጣትና ለሽልማት ነው፤ ሲከፋው አምስት ብሯን እያሳየ ወደ ኪሱ ይመልሳታል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሲነግሩን እዚያ ይህ ነገር ወደ ሥርዓት ተለውጧል። በፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ የሚከፍለው ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ተደርጎ ለአሥርተ ዓመታት ሳይጨምር ቆይቷል። የቀረውን የሚሞላው የተመጋቢው ልብ ነው ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን ምግብ ቤቶች በዚህ ዓይነት ኖረው ልጅ አስተምረዋል። ሠራተኛ የዕለት እንጀራው በማያውቀው ሰው የዕለቱ ስሜት ላይ ቢንጠለጠል መልካም ነው ብለን አናምንም። ስለዚህ ጉርሻ የሚተው ሰው እንደ ጉርሻ ይተው፤ የሚነቅፍ ሰው ደግሞ በቃል ይንቀፍ። ሁለቱን ባንቀላቅል ይሻላል።

ሦስተኛው ወገን ግን ከሁሉ የሚበዛው ነው። «ለምን እንናገራለን? ሁለተኛ አለመሄድ ነው» ይላል። ይህ መልስ በአዲስ አበባ ይሠራ ይሆናል፤ በአንድ መንገድ ላይ አሥር ምግብ ቤት አለና። በጢቾ ግን ባለ ምግብ ቤቱ ማን ነው? የእድራችን አባል ነው። ሚስቱ በእናታችን ሐዘን ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ የሠራች ናት። ልጁ ከታናሽ ወንድማችን ጋር ይማራል። እንዲህ ያለውን ሰው ምንም ሳንነግረው ቤቱን መተው ሳይሰሙት የፈረዱበት ያህል ነው። በዚያ ላይ ከእኛ መቅረት ጋር ወሬያችን አብሮ ይሄዳል። «እዚያ ቤት ውኃው ንጹሕ አይደለም»፣ «እዚያ ቤት የጾሙና የፍስኩ ድስት አንድ ነው» የሚለው ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሄድ ቤቱን ይዘጋዋል። ባለ ቤቱም የሚሰማው መጨረሻ ነው፤ የሚያስተካክለው ነገር ምን እንደ ነበረ ሳያውቅ። በትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬ ከስድብ ይልቅ ጨካኝ ነው፤ ስድብን ተሰዳቢው ይሰማዋል፣ መልስም ይሰጥበታል።

ይህን ስንል ሁሉን ነገር በለሆሳስ ብቻ እንናገር ማለታችን አይደለም። ውኃው ቆሻሻ ከሆነ፣ ሥጋው ከሸተተ፣ ያ ቤት ሕፃናትን ታይፎይድ የሚያስይዝ ከሆነ ለባለ ቤቱ ነግረን ባይሰማ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ መንገር ግዴታችን ነው። ከእኛ ቀጥሎ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው የእኛን ቃል አላገኘም፤ ልጁን ይዞ በባዶ እምነት ይገባል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ኃጢአት ይሆናል።

ስለ ጾሙም እንዲሁ በግልጽ መናገር ይበጃል። ባለ ምግብ ቤቱ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ የእኛ ጾም የእሱ ጉዳይ አይደለም፤ ድስቱን ለይቶ እንዲሠራ ልንለምነው እንጂ ልናስገድደው አንችልም። በአርሲ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ ውለው፣ ሥጋ በየራሳቸው አርደው፣ በሰርግ ጊዜ አንዱ ለሌላው ዳሱን ለይቶ ሲያበስልለት የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው ትእዛዝ ሳይሆን መተዋወቅ ነው። ስለዚህ ተመጋቢው አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ባለ ቤቱም እውነቱን ይናገር። «ቅቤ አልነካውም» ብሎ የሚዋሽ ግን ከቀዘቀዘ ወጥ የባሰ በደል አድርሶብናል። ምግቡን ሊለውጥልን ይችላል፤ ያሰበረንን ሕሊና ግን በሌላ ሳህን አይተካውም።

ወደ ተሰዳቢዋ ልጅ ጉዳይ ስንመለስ ከሁሉ ያስጨነቀን አባትየው አልነበረም። ሰው ሲርበውና ልጆቹ በፊቱ ሲያለቅሱ ቁጣ ይመጣበታል፤ የተቆጣውም ምክንያት አጥቶ አይደለም፣ ወጡ በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር። ያስጨነቀን ትንሹ ልጅ ነው። እሱ በዚያ ሰዓት የተማረው ወጥ መቀዝቀዙን አይደለም። ሰው ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ፣ አንዱ የሚቀመጥ፣ ሌላው የሚቆም እንደ ሆነ ተማረ። ለሚቆመውም ምን ቃል እንደሚባል ከአባቱ አፍ ሰማ። የቤተሰብ ምግብ ቤት ስንል ቤተሰቡ የሚበላበት ብቻ ይመስለናል። ልጆች አባታቸው ከእሱ በታች ባለ ሰው ፊት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ የሚያዩበት ቦታ ነው፤ በቤት ውስጥ ይህን የሚያዩበት አጋጣሚ ጥቂት ነውና። ጠረጴዛው ያነሳው ሌላ ልጅ ደግሞ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የባለ ቤቱ ልጅ ነው። እሱም አባቱን ያይ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተሰበሰብን ጊዜ አንድ ነገር ላይ ሳንስማማ ቀርተናል። ከመካከላችን ግማሾቹ «ገንዘብ አዋጥተን የዚያችን ልጅ የተቆረጠ ደመወዝ መልሰን ብንሰጣት ኖሮ» ይላሉ። ቀላል ነበር፣ ለእያንዳንዳችን የሻይ ዋጋ ያህል ነው፤ እሷም በዚያ ሳምንት ለእናቷ የምትልከው አይጎድልባትም ነበር። ሌሎቹ ግን ይህን አይቀበሉም። እኛ ከከፈልን ባለ ቤቱ ነገም ይቆርጣል፣ ነገ ደግሞ እኛ በዚያ የለንም፤ የሚሻለው አያታችን እንዳደረጉት ለራሱ ለባለ ቤቱ መናገር ነው ይላሉ። የመጀመሪያዎቹም መልሰው «ልጅቷ ግን የምትኖረው በዛሬው ገንዘብ ነው» ይላሉ። አያታችንን ብንጠይቃቸው «ሁለቱንም ለምን አላደረጋችሁም?» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ፀሐዩ ዞሩ።